የሙሽራዋ ቁልፍ

ሙሽራዋ ያደገችው ሰው ሁሉ በየክፍሉ ቆልፎ በሚያድርበት አገር ነው። የባሏ ቤት ግን ዘመድ እንደ ጆንያ እህል የታጨቀበት፣ አንዱ ሲያስነጥስ ሌላው በመስኮት የሚወረወርበት ነበር። እንቅልፍ ቢያጥራት ለመኝታ ክፍሏ ቁልፍ ጠየቀች።

«ቁልፍ? ሌቦች ነን እንዴ?» አፈጠጡ አማቷ።

«እማዬ፣ እኛ አገር እናትም አንኳኩታ ነው የምትገባው።»

«ወይ ጉድ! ወላጅ እናት እንደ ለማኝ ደጅ ትቁም?»

ቁልፍ ሠሪው የባሏ አጎት «ተዉአት፣ እኔ አለሁላት!» ብሎ ገላገላቸው። ቁልፉንም ገጠመላት። ታዲያ ያ ጅል፣ ማንም ቅር እንዳይለው ብሎ ለዘመዱ ሁሉ አንዳንድ መክፈቻ ቀርጾ አደለ።

ድሮ ቢያንስ ጉሮሯቸውን ጠርገው ይገቡ ነበር። አሁን የባሏ አክስት መቀስ ፍለጋ፣ በሌሊት ልብሷ እንዳለች ዘው ሲሉባት ሙሽራዋ ጮኸች።

«ምነው ልጄ፣» አሉ አክስትየዋ ተቀይመው፣ «የገዛ ቁልፌን ይዤ ላንኳኳ?»