የሳሉ ባለቤት

ለመሆኑ እናንተ በአንድ ሳል ምክንያት ሃምሳ ዓመት ተጣልታችሁ ታውቃላችሁ? አታውቁም። እንግዲያው በመምህር እንደሻው ገብረ መድህን ለመሳቅ አትቸኩሉ። አንዱ በድንበር ይጣላል፣ አንዱ በውርስ ይጣላል፤ የአሰላው ጡረተኛ የታሪክ መምህር ደግሞ በሳል ተጣላ። ከሁሉም የእሱ ይሻላል። በሳል ጠብ የከበረ ጠበቃ እስከ ዛሬ አልታየም።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ1965 ዓ.ም. ሦስት የአሰላ ተማሪዎች አዲስ አበባ ሄደው ስለ ጭላሎ ተራራ የተዘፈነች አንዲት ሸክላ አስቀረጹ። ቦንሳ ዘፈነ፣ አሳምነው ዋሽንት ነፋ፣ እንደሻው ክራር መታ። ዘፈኑ መሃል ላይ ቦንሳ ዝም ይልና ዋሽንትና ክራሩ ብቻቸውን የሚጫወቱበት ቦታ አለ። እዚያ ላይ አንድ ሰው ሳለ። ትንሽ ሳል እንዳይመስላችሁ፤ ጎረቤት የሚያስነሳ ሳል ነው። አሳታሚው ነጋዴ ድጋሚ የማስቀረጽ ጊዜ የለኝም ብሎ እንዳለ አሳተመው። ልጆቹ በዓመቱ ሌላ ዘፈን ይዘው ሲመጡ ግን "መጀመሪያ ታከሙ" ብሎ ከበር መለሳቸው። የሦስቱ ሙዚቀኛነት በዚያው አበቃ። እንደሻው አስተማሪ ሆነ፣ አሳምነው አሰላ በነበረው የስዊድኖች የእርሻ ፕሮጀክት በሾፌርነት ተቀጠረ፣ ቦንሳም ኢተያ ላይ እህል ሲነግድ ኖሮ ከሞተ አሥር ዓመት አለፈው።

እንደሻው ሳሉ የአሳምነው ነው አለ። አንድ ቀን ብቻ አይደለም ያለው። በሰርግ አለ፤ በለቅሶ አለ፤ በመምህራን ስብሰባ "ልዩ ልዩ" በሚለው አጀንዳ ሥር እጁን አውጥቶ አለ። አሳምነው አንድም ቀን አልመለሰም። "ሳል ነው፣ ያልፋል" ይልና ይስቃል። እንደሻውን የሚያሳብደው ይሄ ሳቅ ነበር። ሰው ሲከሰስ አንድም ያምናል፣ አንድም ይክዳል፤ መሳቅ ምን ማለት ነው?

ማስረጃ እንዳይቀርብ ሸክላው ከጠፋ ቆይቷል። በከተማው የቀረው የካሴት ግልባጭ ነው፤ እሱ ላይ ሳሉ ይሰማል፣ ከሳሉ ሥር ያለው ሁሉ ግን የሐምሌ ጭጋግ ነው። ዘንድሮ የእንደሻው ልጅ ፀዲ አዲስ አበባ ከአሮጌ ዕቃ ሻጭ ዘንድ አንድ ቅጂ አግኝታ ላከችለት። እንደሻው ሸክላውን በሁለት እጁ ይዞ ወደ ጓዳ ገባ።

"ብርሃነሽ፣ አለቀለት! ዋሽንት የሚነፋ ሰው ከሳለ ዋሽንቱ ይቋረጣል። አፉ አንድ ነዋ! ጥሩ ማጫወቻ ላይ ከተሰማ ዋሽንቱ ሲቋረጥ አገር ይሰማል።"

ሚስቱ ከሽንኩርቷ ቀና አላለችም። "ባይቋረጥስ?"

"ይቋረጣል አልኩሽ!"

"እኔ ምን አገባኝ። ባይቋረጥስ ነው ያልኩት።"

እንደሻው ይህን ጥያቄ ሃምሳ ዓመት ሙሉ አስቦት አያውቅም። ልጁ ከሸክላው ጋር በላከችለት አሥራ አንድ ገጽ የሸክላ አጨዋወት መመሪያ ላይ ግን ሁለት ሳምንት ተቀመጠ። በቀይ እስክሪብቶ አሰመረበት፤ ሁለት ቦታ ላይም "ግልጽ አይደለም፣ ይብራራ" ብሎ ጻፈበት። ከዚያ ማጫወቻ ሊመርጥ ወጣ።

መጀመሪያ የሄደው የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ወዳለው ወደ ሙራድ ነው። ሙራድ እንደ ሻንጣ የሚከፈት ቀይ ማጫወቻ ከመደርደሪያ አወረደ።

"ቲቸር፣ ይሄ የዘመኑ ነው። ብሉቱዝ አለው፣ ሬድዮ አለው፣ ፍላሽ ይወስዳል። መብራቱ ደግሞ ከዘፈኑ ጋር ቀይ ሰማያዊ እያለ ይጨፍራል።"

"ሸክላስ ያጫውታል?"

"እሱንም ይሞክራል።"

እንደሻው መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ መርፌውን የተሸከመውን ክንድ መረመረ። እንደ ጥርስ መጎርጎሪያ የቀለለ ፕላስቲክ ነው። "ከኋላ ሚዛን የሚጠብቅ ክብደት የለውም። መርፌው ሸክላው ላይ የሚያርፈው በስንት ግራም ነው?"

"ኧረ ቲቸር፣ በደንብ ያርፋል! ከቀለለብዎት ደግሞ ሳንቲም ጣል ያደርጉበታል። አባቴ እንደዚያ ነበር የሚያደርጉት።"

እዚህ ላይ እንደሻው ጮኸ፤ መጮኹም ትክክል ነበር። በዚህ አገር ስንቱ ድምፅ በመርፌ ላይ በተጫነ ሳንቲም ታርሶ እንደጠፋ የቆጠረ አለ? መርፌ ሲዘል የሚዘልበትን ምክንያት መፈለግ ያባት ነው። እኛ ግን የዘለለውን ሁሉ ከላይ መጫን እንወዳለን፤ ሸክላውንም፣ ልጁንም፣ ተማሪውንም። "ይሄ ማጫወቻ ነው ወይስ ማረሻ?" አለ እንደሻው። "እርሻ ከፈለግሁ ሳጉሬ እሄዳለሁ!"

ሙራድ ልቡ አልተነካም፤ ያሳደገው ገበያ ነው። "ትክክለኛውን ከፈለጉማ ቲቸር፣ ከተማው ውስጥ ያለው አንድ ብቻ ነው። የት እንዳለ ደግሞ ከእኔ በላይ ያውቃሉ።"

ያውቃል። ስዊድኖቹ ሲሄዱ ለሾፌራቸው የሰጡት ከባዱ፣ ባለ እንጨት ሳጥኑ ማጫወቻ ያለው አሳምነው ቤት ነው። ከሳሽ ማስረጃውን የሚያሰማበትን ዕቃ ከተከሳሹ ሊለምን ነው። እንደሻው ሦስት ቀን አሰበበት። በአራተኛው ቀን ከረባት አስሮ ሄደ።

አሳምነው ግቢው ውስጥ የጎመን መደብ እያረመ ነበር። ነገሩን ሰምቶ እጁን ሱሪው ላይ ጠረገ።

"ተገኘች እንዴ? ያቺ ሸክላ?"

"ተገኘች። እሑድ የእድሩ ሰዎች በተቀመጡበት ትሰማለች።"

"ተው እንደሻው። ለብቻህ ስማት፤ ሰው አትጥራ።"

"ፈራህ!"

"ፈራሁ" አለ አሳምነው።

ከዚያ ገብቶ ማጫወቻውን አወጣ፤ በሸሚዙ እጅጌ አቧራውን ጠረገለት። "ሳህኑን የሚያዞረው የጎማ ቺንጋ በስብሷል። መርፌው ግን አዲስ ነው፤ ሳልጠቀምበት ነው ያስቀመጥኩት።" ለአንድ ሰው ስለሚከብድ ሁለቱ ተሸክመው ባጃጅ ላይ ጫኑት። ማጫወቻው መሃል ተቀመጠ፤ ሁለቱ ሽማግሌዎች እንደ ሚዜ ግራና ቀኝ ሆነው እንደሻው ቤት ደረሱ።

ቺንጋውን ጎሚስታው ከብስክሌት የውስጥ ጎማ ቀጭን አድርጎ ቆረጠለት። ፍጥነቱን ለመፈተን ደግሞ እንደሻው የሚሽከረከረው ሳህን ጠርዝ ላይ ነጭ ወረቀት ለጠፈ፤ እሱ ሰዓቱን ያያል፣ ብርሃነሽ ዙሩን ትቆጥራለች። በደቂቃ አርባ አምስት መሆን አለበት። አርባ አራት ላይ ስትደርስ ወጥ አረረ፤ ትታው ሮጠች። "አንድ ዙር ጠፋ!" ብሎ ጮኸ። "እራትህም ጠፍቷል!" ብላ መለሰችለት።

ዋናው ችግር ግን ወለሉ ነበር። ቤቱ የድሮ ነው፤ የጣውላው ወለል ሰው ሲራመድበት ይወዛወዛል። ብርሃነሽ ባለፈች ቁጥር መርፌው ይዘላል፤ ስንዴ የጫነ አይሱዙ በመንገዱ ሲያልፍማ ከሸክላው ጫፍ እስከ ጫፍ ይሄዳል። እንደሻው ጠረጴዛ ቀየረ፣ ፍራሽ አነጠፈ፣ ሚስቱ በቤቷ ውስጥ እንዳትራመድ ጠየቀ። የመጨረሻውን ባይጠይቅ ይሻለው ነበር።

መፍትሔውን ያገኘው ተቆጥቶ ጓዳ በገባበት ነው። ጥግ ላይ ያለውን የስንዴ ጆንያ በእግሩ ረገጠው፤ እግሩን አመመው እንጂ ጆንያው አልተነቃነቀም። ስንዴ ዱላ ይውጣል! ጆንያውን ጎትቶ ሳሎን አስገባ፤ ላዩ ላይ ጠፍጣፋ የወፍጮ ድንጋይ አስተኛ፤ ድንጋዩ ላይ ማጫወቻውን አስቀመጠ። ከግንበኛ በተዋሰው ውሃ ልክ አረፋዋ መሃል እስክትቆም ድረስ ስንዴውን ከዚህ ወደዚያ ሲገፋ ዋለ።

"ያ ስንዴ የቅንጬ ነው" አለች ብርሃነሽ።

"አሁን የፍትሕ ነው።"

"እንግዲያው ጠዋት ጠዋት ፍትሕ ትበላለሃ!"

የቀረው የመርፌው ክብደት ነው፤ ሁለት ግራም፣ ከዚያ አይበልጥም፣ አይጎድልም። ለዚህ ወርቅ ሠሪው ሚፍታ የወርቅ ሚዛኑን ይዞ መጣ። መርፌውን ሚዛኑ ላይ አሳርፈው ከክንዱ ኋላ ያለውን ክብደት በፀጉር ስፋት ማዞር ጀመሩ። ሦስት ግራም። ሁለት ተኩል። አንድ ከዘጠና።

"ይበቃል ቲቸር" አለ ሚፍታ ላቡን እየጠረገ። "ወላሂ፣ ለጥሎሽ እንኳ እንዲህ የተጨነቀ ደንበኛ ገጥሞኝ አያውቅም።"

"ሁለት ነው ያልኩህ።"

"የእትዬ ብርሃነሽን ቀለበት ሲገዙ እኮ በግምት ነበር።"

"በግምትማ ቢሆን ጥሩ" አለች ብርሃነሽ ከጓዳ። "በምኞት ነው። እስከ ዛሬ ጣቴ ላይ አልገባም።"

በመጨረሻ ሁለት ግራም ላይ ቆመ።

እሑድ ከቀትር በኋላ ስምንት የእድር አባላት ሳሎኑን ሞሉት። ሙራድ አምፕሊፋየርና ሁለት ስፒከር አምጥቶ ገጠመ፤ ባለ ሻንጣውን ማጫወቻ ባለመሸጡ ቅር አላለውም። አሳምነው መጥቶ ከበሩ አጠገብ ተቀመጠ። እንደሻው ክፍል ገብቶ እንደሚያስተምር ሰው ቆመ። ስለ ሃምሳ ዓመቱ ተናገረ፤ ስለ ዋሽንት ጠባይ ተናገረ፤ አፍ አንድ መሆኑን ሁለት ጊዜ ተናገረ። ከዚያ መርፌውን አሳረፈ።

ቦንሳ ዘፈነ። የሞተው ሰው የሃያ ዓመት ወጣት ሆኖ ሳሎኑ መሃል ቆመ፤ ትንፋሹ ሳይቀር ይሰማል። ብርሃነሽ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ነካች። በውጭ አንድ አይሱዙ ስንዴውን ጭኖ አለፈ፤ መስኮቱ ተንቀጠቀጠ፣ መርፌው ግን ወይ ፍንክች። ቦንሳ ዝም አለ፤ ዋሽንትና ክራሩ ቀጠሉ።

ሳሉ መጣ።

ከሳሉ ሥር ዋሽንቱ ነበረ። ሳይቋረጥ፣ ሳይንቀጠቀጥ፣ እንደ ቀጭን ውሃ ይፈስሳል። የጠፋው ክራሩ ነው። ሁለት ምት ጎደለ፣ ከዚያ እንደ ደነገጠ ሰው ተደናብሮ ገባ።

እንደሻው መርፌውን አነሳና መለሰው። ዋሽንቱ አለ፣ ክራሩ የለም። እንደገና መለሰው። በሦስተኛው ጊዜ ሰዉ ሁሉ እግሩን ያይ ነበር።

ደግ ሰው ነውና ሚፍታ ጉሮሮውን ጠረገ። "ቦንሳም ሊሆን ይችላል እኮ። ያን ሰዓት አይዘፍንም ነበር።"

"ልክ ነው!" አሉ ስምንቱም ባንድ አፍ። "ቦንሳ ነው! እሱ ደግሞ ድሮም ደረቱን ያመው ነበር።" ለእንደሻው የማምለጫ በር ተከፈተለት። ሙት ይግባኝ አይልም፤ በእሺታ አንገቱን ቢነቀንቅ ሃምሳ ዓመቱ ሳይነካ ይቀርለት ነበር። ሁለት ሳምንት ያነበበው፣ ስንዴ የገፋው፣ በፀጉር ስፋት የለካው ሰው ግን ሳህኑ ላይ የሚዞረውን ሸክላ አየና ጥርሱን ነከሰ።

"ሙት አታስሉ! ክራሩ ሁለት ምት ዘሏል። ክራር አይስልም፤ የሳለው መቺው ነው።" ከረባቱን አላላ። "የሳልኩት እኔ ነኝ።"

ከዚያ እንደሻው ወደ በሩ ዞረ፤ ጆሮው ቀልቶ ነበር።

"አንተ ታውቅ ነበር?"

"ዋሽንቱ አፌ ላይ ነበር እኮ እንደሻው" አለ አሳምነው።

"ሃምሳ ዓመት?"

"ሃምሳ ሁለት።"

"በልጄ ሰርግ ሰው ፊት ሳወግዝህም?"

"ጥሩ ንግግር ነበር።"

"ታዲያ ለምንድን ነው ዝም ያልከው?"

አሳምነው ባርኔጣውን አደረገ። "መርፌውን አንሳው፤ ሸክላው ባዶውን እየዞረ ነው" አለና ወጣ።

ሰኞ ጠዋት የእድሩ ድንኳንና ወንበር በሚቀመጥበት ቤት በር ላይ ባለው ሰሌዳ በቀይ እስክሪብቶ የተጻፈ ማስታወቂያ ተለጠፈ። ሰው ከቀብር መርዶ ይበልጥ ተሰብስቦ አነበበው፤ እንዲህ ይላል።

"ለአቶ አሳምነው፣ ባሉበት። በ1965 ዓ.ም. ሸክላ ላይ የሚሰማው ሳል የእኔ መሆኑን አረጋግጫለሁ። በሰርግ፣ በለቅሶና በስብሰባ የተናገርኩትን ሁሉ በዚህ ጽሑፍ አንስቻለሁ፤ ይቅርታም ጠይቄያለሁ። ማጫወቻህ ስንዴው ላይ በክብር ተቀምጧል፤ መልስ ሳትሰጥ አትወስደውም። መልሱን በስልክ አልቀበልም፤ በሽማግሌ አልቀበልም፤ በሳቅማ ፈጽሞ አልቀበልም። በመጪው እሑድ ስምንት ሰዓት ላይ የእድሩ አባላት በተሰበሰቡበት ተነስተህ፣ ድምፅህን ከፍ አድርገህ ተናገር፦ ጥፋተኛው እኔ መሆኔን እያወቅህ ሃምሳ ሁለት ዓመት የተሸከምክልኝ ለምንድን ነው? አዝነህልኝ ከሆነ ማን ፈቀደልህ? መልስ!"