የአቶ ቢቂላ እርም

ሜቲ ቢቂላ ስለ ሐዘን የማታውቀው ነገር አልነበረም፤ ማዘኑን ካልቆጠርነው። ሲኤምሲ አካባቢ ባለ አንድ የግል ኮሌጅ ሥነ ልቦና ታስተምራለች። ጭንቀት ልብን እንዴት እንደሚጎዳ፣ ሰው የሚያለቅሰው ስላዘነ ነው ወይስ የሚያዝነው ስላለቀሰ፣ የዝግ ሰውና የክፍት ሰው ጠባይ በምን እንደሚለይ ስታስረዳ ተማሪው አፉን ከፍቶ ይሰማታል።

ወንድሟ ሂካ ወደ ሳዑዲ ሲሻገር ጀልባ ሰጥማ ባሕር ውስጥ መቅረቱን፣ ከአደጋው የተረፈ ጓደኛው ደውሎ የነገራት ለእሷ ነው። ስልኩን ዘጋች እንጂ አላለቀሰችም። ያሰበችው አባቷን ነበር፤ ደም ግፊት አለባቸው። ሰሚት ኮንዶሚኒየም ሳይሆን የጤፍ ማሳ በነበረበት ዘመን ያረሱት አቶ ቢቂላ፣ ሚስታቸውን ከቀበሩ ወዲህ የሂካን ስልክ እየጠበቁ ነው የሚኖሩት።

በወጉ መርዶ ማለዳ ይነገራል። ሽማግሌዎች ጎህ ሲቀድ በር ያንኳኳሉ፣ ጎረቤት ተከትሎ ይገባል፣ አብሮ ይለቀሳል። የእድሩ ዳኛ አቶ ገረመውም ወሬው ደርሷቸው ይህንኑ ሊያደርጉ ሲመጡ ሜቲ መንገድ ላይ አስቆመቻቸው።

«አይሆንም ጋሼ ገረመው። እንዲህ ያለ ድንጋጤ ይገድላቸዋል። እኔው ቀስ በቀስ አለማምጄ እነግራቸዋለሁ።»

«ልጄ፣ መርዶ ይለመዳል እንዴ?» አሉ አቶ ገረመው።

ቢሆንም የተማረች ናትና ተሸነፉላት። ሰፈሩ ሁሉ አፉን ያዘ፤ ባለሱቋ አስማ እንኳ ሳትቀር። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ የተማረ ሰው አንዳንዴ ሁለቱንም ነው።

ሳምንት በሳምንት ላይ ተደረበ። ሜቲ የአባቷን ግፊት ትለካለች፤ ዛሬ ከፍ ብሏል፣ ነገ ይሻላል ትላለች። አቶ ቢቂላ ዝምታ አበዙ። ጎህ ሳይቀድ ተነሥተው ጋቢያቸውን ደርበው በር ላይ ይቀመጣሉ፤ ፀሐይ ከወጣ በኋላ ይገባሉ። እንቅልፍ ማጣቱን የጭንቀት ምልክት፣ ዝምታውን የዝግ ሰው ጠባይ አለችው። ስለ ሂካ ቢጠይቋት «ኔትወርክ የለም» የምትል መልስ አዘጋጅታ ነበር። አልጠየቋትም፤ እሷም እፎይ አለች። ሌላ ሰው ቢሆን እዚህ ላይ ይደነግጥ ነበር።

አርባው አለፈ። ድንኳን አልተተከለ፣ ፍትሐት አልተፈታ።

አንድ እሑድ ከሰዓት መለኪያውን ክንዳቸው ላይ ልትጠቀልል ስትል እጇን ያዙት።

«ሜቲ፣ ሂካ የሞተው መቼ ነው?»

«ማን ነገረዎት አባባ?»

«ማንም። በፊት ከቤት ስወጣ ‹ሂካ ደወለ ወይ?› የማይለኝ ሰው አልነበረም። አስማ ትጠይቀኝ ነበር፣ ገረመው ይጠይቀኝ ነበር። አንድ ቀን ሁሉም ባንዴ ተዉት። ሰው ስለሞተ ልጅ አባቱን አይጠይቅም።»

«ታዲያ ለምን ዝም አሉ?»

«ፈርተሽ አየሁሻ። የቀረሽኝ አንቺ ነሽ፤ ካለቀስኩ የምትሰበሪ መሰለኝ። በየማለዳው በር ላይ የምቀመጠው እነገረመውን ስጠብቅ ነው። ዛሬ ይመጣሉ፣ ነገ ይመጣሉ እላለሁ። ሳይነግሩኝ እንዴት ላልቅስ? ሂጂ ጥሪልኝ። እንደ ሰው ይንገሩኝ፤ የልጄን እርም ላውጣ።»

ሜቲ ያን ሁሉ ማለዳ አሰበች። አባቷን ከሞት ያዳነች መስሏት ከለቅሶ ከልክላቸው ኖራለች።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ በሩ ተንኳኳ። አቶ ቢቂላ ለባብሰው ተቀምጠው ነበር፤ ተነሥተው ምንም እንዳልሰማ ሰው ከፈቱ።

«በደህና ነው እንዲህ በማለዳ?» አሉ።

«በርታ ቢቂላ» አሉ አቶ ገረመው አቀርቅረው። «ሂካ አርፏል።»

የሚያውቁትን ሲሰሙ ወለሉ ላይ ቁጭ ብለው «ልጄን! ልጄን!» አሉ፤ ጎረቤቱ ደጅ ቆሞ ይጠብቅ ነበርና እየጮኸ ገባ።

ሜቲ ጓዳው በር ላይ ውሃ ይዛ ቆማ ነበር፤ አባባ ቢደክሙ ልታጠጣቸው። አቶ ገረመው አዩዋት። ለእሷ በስልክ ከመጣው ድምፅ በቀር መርዶ የነገራት ሰው እንደሌለ ያን ጊዜ ገባቸው። ውሃውን ከእጇ ተቀብለው አስቀመጡና አባቷ አጠገብ አስቀመጧት።

«ሜቲ ልጄ» አሉ፣ እንደ አዲስ። «ወንድምሽ አርፏል።»

ያን ጊዜ ነው የጮኸችው።