ዴልማር ማበላሸት አቃተው

ዴልማር ኮዛክ አርባ ዓመት ሙሉ የመኪና ቀለም ሲረጭ ኖሮ ጡረታ የወጣ ሰው ነው። አሜሪካ፣ ሚሺጋን ውስጥ በሚኖርባት ከተማ እጁን የማያውቅ አልነበረም፤ «ዴልማር የረጨውን በር እያየህ ጢምህን መላጨት ትችላለህ» ይሉታል። ኋላ ግን ይኸው እጁ ጉድ ሠራው።

ነገሩ የአንዲት መኪና ነው። እ.ኤ.አ. በ1970 የተሠራች፣ ብርቱካናማ፣ ባለ ሁለት በር፣ ስትነሳ የጎረቤት መስኮት የምታርገፈግፍ። በዚያ ሞተርና በዚያ ቀለም ከፋብሪካ የወጡት መቶ እንኳ አይሞሉም። ዴልማር ከአንድ ገበሬ ጎተራ ዶሮ ሰፍሮባት አገኛትና ስድስት ዓመት ደከመባት። ወንበሯን፣ ሽቦዋን፣ ትንሿን ብሎን ሳይቀር ከያለበት ለቅሞ እንደ ጥንቷ አደረጋት። የቀረው የአሮጌ መኪና ወዳጆች ማኅበር የሚሰጠው የወርቅ ደረጃ ብቻ ነበር።

ሁለት ዓመት በማኅበሩ ዓመታዊ ትርዒት ለዳኞች አሳያት፤ ሁለት ዓመት በብር ደረጃ ተመለሰ። ማኅበሩ ደግሞ አንድን መኪና ከሦስት ጊዜ በላይ አይመዝንም።

በመጀመሪያው ዓመት ዋናው ዳኛ ሚስተር ፕሩዊት በሩን ከፍተው የውስጥ ጠርዙን በባትሪ አዩ። «በጣም ቆንጆ ነው» አሉና ነጥብ ቀነሱ። ማኅበሩ የሚመዝነው መኪናዋ ከፋብሪካ በወጣችበት ዕለት ምን እንደምትመስል ነው፤ ምን መምሰል ይገባት እንደነበር አይደለም። ያኔ ደግሞ በበሩ ጠርዝ ላይ ቀለሙ ወርዶ እንደ እንባ ደርቆ ይቀር ነበር። በሁለተኛው ዓመት ዴልማር ጥርሱን ነክሶ እንባዎቹን ሠራ። ሚስተር ፕሩዊት ጎንበስ ብለው ቆጠሩ።

«ሰባት ናቸው» አሉ። «ቁመታቸው እኩል፣ ርቀታቸው እኩል። ለሠርግ ነው የሠሯቸው?»

በሦስተኛው ዓመት፣ ትርዒቱ አሥር ቀን ሲቀረው፣ የሚስቱ ታላቅ እህት አርሊን ጋራዡ ውስጥ ወንበር ስባ ተቀመጠች። ሰባ አራት ዓመቷ ነው፤ በወጣትነቷ እንዲህ ያሉ መኪናዎች በሚሠሩበት ፋብሪካ ቀለም ክፍል ሠርታለች። ዴልማር የተፈታውን በር ለአምስተኛ ጊዜ ፍቆ ለአምስተኛ ጊዜ ሲረጭ ዝም ብላ አየችው።

«ምን እየሠራህ ነው?»

«እያበላሸሁ።»

«ይሄ ማበላሸት ከሆነ የኔንም ሳሎን መጥተህ አበላሽልኝ።»

«እጄ እምቢ አለኝ፣ አርሊን። ቀለሙ ሊወርድ ሲል ሳላስበው ቀድሜ እመልሰዋለሁ።»

«እኛ ሆን ብለን ያበላሸን መስሎሃል?»

ዴልማር እውነትም መስሎት ነበር።

«አምሳ ሰከንድ ነበረን» አለች አርሊን። «ባምሳ ሰከንድ አንዷን ትጨርሳለህ፤ ሌላዋ አፍንጫህ ስር ቆማለች። ጎንህ ያለችው ስለ ባሏ ታወራለች፤ አንተ ሽንትህ መጥቷል። እንዲህ እንደ አንተ በር ፊት ቆሞ የሚጸልይ አልነበረም።»

ተነሳችና ጥግ የተጣሉትን አሮጌ በሮችና ላሜራዎች አስወጣችው። አሥራ አንድ ያህሉን በግቢው አጥር ላይ ደረደሯቸው። የመኪናዋን በር እርጥብ ቀለሙን አስጠርጋ እሷ ራሷ ስምንተኛ ላይ አቆመችው፤ ከዚያ የእጅ ሰዓቷን ፈትታ ያዘች።

«ጀምር። ዶሪን የምትባል ልጅ ነበረች፤ ባሏ እራት አልበላሁም እያለ ሁለት ቤት የሚበላ።»

«ሁለት ቤት?»

«እኔን አትየኝ፣ ቀለሙን እይ። አምሳ ሞላ፤ ቀጥል።»

አራተኛው ላይ ዴልማር ሳቁ አመለጠው። ስድስተኛው ላይ ዶሪን ባሏን ተከትላ ሌላኛዋ ሴት ቤት ደረሰች። ስምንተኛውን መቼ እንዳለፈ ልብ አላለም፤ ዶሪን ከሴትዮዋ ጋር ጓደኛ ሆና ባልየው ውጭ መቅረቱን እየሰማ ነበር። አሥራ አንደኛውን ጨርሶ ላቡን ጠረገና ወደ ኋላ ተመለሰ።

ስምንተኛው፣ የመኪናዋ በር ላይ ሁለት እንባ ወርዷል፤ አንዱ ረጅም፣ አንዱ አጭርና ጠማማ። ታችኛው ማዕዘን ላይ ቀለሙ ስስ ነው። ዴልማርን አላስችል አለው። እጁ ወደ ብርጭቆ ወረቀቱ ሄደ።

«ንካውና» አለች አርሊን፣ «እህቴ ጋ ሄጄ ስድስት ዓመት ሙሉ ስንት እንዳወጣህ እነግራታለሁ።»

እጁን ኪሱ ከተተ።

በትርዒቱ ቀን ሰዉ መኪናዋን ከቦ ቆመ። ሚስተር ፕሩዊት ተንበርክከው ረጅሙን እንባ በጣታቸው ተከተሉት፤ ከዚያ አጭሩን። ስሱን ማዕዘን ሲያዩ ፈገግ አሉ። ከወረቀታቸው ላይ ምንም አልቀነሱም።

«በስንት ዓመት አንዴ ነው እንዲህ ያለ የማየው» አሉና ቀና አሉ። «ማን ነው የረጨው?»

ዴልማር አንድ እርምጃ ቀረበ። «እኔ ነኝ።»

ከኋላው ቻንሲ የሚባለው የድሮ ደንበኛው አንገቱን አስግጎ በሩን አየ፤ ዴልማርንም አየው።

«ውይ ዴልማር» አለው ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ በሐዘኔታ። «ምነው፣ እጅህ እንዲህ ሆነ?»

ዴልማር ሊያስረዳው አፉን ከፈተ። ሚስተር ፕሩዊት የወርቁን ወረቀት እየፈረሙ ነበር።

«ምን ታደርገዋለህ፣ ቻንሲ» አለ። «እርጅና ነው።»