ስንዴ የማይገባበት ቤት

ሙሽሪት የሚለውን ስም ያወጡላት አማቷ ናቸው። ካገባች ሃያ ዓመት ሊሆናት ነው፤ ሁለት ሴት ልጆች አሳድጋ ኮሌጅ አስገብታለች፤ ለአማቷ ግን ዛሬም ሙሽሪት ነች። ጎረቤቱም ከእሳቸው አፍ እየሰማ ሙሽሪት ይላታል። ሥራዋ መኪና መንዳት ማስተማር ነው። ቀኑን ሙሉ ከተማሪው ጎን ተቀምጣ፣ እግሯን ከትርፍ ፍሬኑ ላይ ሳታነሳ፣ "ቀስ፣ ቀስ፣ አሁን ማርሽ ቀይር" ስትል ትውላለች። ሌሎች አስተማሪዎች ተስፋ የቆረጡበትን ሰው ሁሉ ወደ እሷ ይልካሉ፤ እሷም ሳትቆጣ፣ ሳትነጫነጭ አስተምራ ትሸኘዋለች። ያ ሁሉ ትዕግስት ግን ለአንድ ዳቦ አልበቃም።

ነገሩ የጀመረው ከባሏ ሆድ ነው። ባሏ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው፤ ከልጅነቱ ጀምሮ ቢበላ ቢጠጣ ሰውነቱ ላይ ጠብ የሚልለት ነገር ስለሌለ የሥራ ባልደረቦቹ ሽቦ ይሉታል። ሆዱ ይነፋዋል፣ ይጮኽበታል፣ አንዳንዴም ሥራውን አስጥሎ ያስሮጠዋል። "ሆዴ ስስ ነው" እያለ ዕድሜውን ሲገፋ ኖሮ፣ አንድ ቀን መሰላል ላይ እንዳለ ራሱን አዞረውና ለጥቂት ተረፈ። ያን ጊዜ እያጉረመረመ ሐኪም ቤት ሄደ። ሐኪሟ ደሙን አስመርምራ፣ አንጀቱንም በመሣሪያ አይታ፣ ችግሩ ስንዴና ገብስ ውስጥ ያለው፣ ሊጡን እንደ ማስቲካ የሚያያይዘው ግሉተን የሚባል ነገር መሆኑን ነገረችው። የሚዋጥ መድኃኒት የለውም፤ መድኃኒቱ ስንዴ ዳግመኛ አለመቅመስ ነው። ፍርፋሪም ቢሆን አይቻልም።

ሽቦ ይህን ሲሰማ ያዘነው ለቺዝ ዳቦ ነው። ሌላው ሁሉ ቢቀርበት ግድ የለውም፤ ቺዝ የቀለጠበት ትኩስ ዳቦ ግን ከሥራ ሲመለስ የሚጽናናበት ነገሩ ነበር። ከዚያ በኋላ በዳቦ ቤቱ በር ሲያልፍ ፊቱ እንደ ሐዘንተኛ ይጠቁር ጀመር። ሙሽሪት አንጀቷ አልችል አለ።

"ተወው፣ እኔ እጋግርልሃለሁ" አለችው። ምነው ያን ጊዜ ምላሴን በቆረጠው ብላ ስንት ጊዜ እንደተጸጸተች የምታውቀው እሷ ብቻ ነች።

ስንዴ የሌለው ሊጥ ሊጥ አይባልም። ቢያሹት አይለጠጥ፣ ቢደበድቡት አይሰማ፣ እንደ እርጥብ አሸዋ ዝም ብሎ ይተኛል። የመጀመሪያውን በሩዝ ዱቄት ብቻ ጋገረችው፤ ከምድጃው የወጣው ለግንብ የሚሆን ጡብ ነው። ሁለተኛው ላይ የበቆሎ ዱቄት ጨመረች፤ ቢላዋ ሲነካው ፍርክስክስ ብሎ ጠረጴዛውን ሞላው። በድንች ስታርች የሞከረችው ደግሞ ላዩ ድንጋይ፣ ውስጡ የጫማ ሙጫ ሆነ። ቺዙ አንዴ ከሥር ሰምጦ ያርራል፣ አንዴ ዘይቱን ለብቻው ተፍቶ ይንሳፈፋል። በዚያ ላይ ቺዙን የምትፈቀፍቀው በዶለዶመ መፈቅፈቂያ ስለነበር ጣቶቿ ተልጠው አለቁ። ተማሪዎቿ መሪ ሲይዙ የእሷን በፕላስተር የተጠቀለሉ ጣቶች እያዩ ይሳቀቁ ነበር።

ቆሽቷን ይበልጥ ያሳረረው ግን ባሏ ነው። ሽቦ ሰው ማስቀየም አይወድም። ከዚያ ጡብ ላይ አንድ ጉርሻ ቆርሶ፣ ብዙ አኝኮ፣ ውኃ ጠጥቶ "ጥሩ ነው" ይላል፤ ትንሽ ይቆይና "ግን" ይላል። ከ"ግን" በኋላ ትምህርት ይጀምራል። በዕድሜው አንድ እንቁላል ሰብሮ የማያውቅ ሰው፣ ስልኩን ይዞ የማድ ቤቱን በር ተደግፎ፣ ስለ ሊጥ እርጥበትና ስለ ምድጃ ሙቀት ያነብላታል። እሷም ጥርሷን ነክሳ ትሰማዋለች።

አማቷ ደግሞ ከጓሮ በኩል ባለው ክፍል ነው የሚኖሩት። በበሽታው አላመኑም። ዳቦ የሕፃን ምግብ ነው እንጂ ማንን ገድሎ ያውቃል፣ ይሄ ሐኪሞቹ ሥራ ሲፈቱ ያመጡት ነገር ነው ይላሉ። የራሳቸውን ዳቦ ከዳቦ ቤት ገዝተው፣ በራሳቸው ሳህን፣ በራሳቸው ክፍል እንዲበሉ ከስንት ጭቅጭቅ በኋላ ተስማምተዋል። ሙሽሪት በጋገረች ቁጥር ግን ብቅ ይሉና፣ ያን የወደቀ ዳቦ በአዘኔታ ያዩታል። አንድ ቀን ትከሻዋን ይዘው፣ "አንቺ ልጅ፣ ቁንጥር የምታክል ስንዴ ብትጨምሪበት እኮ ይያያዝልሽ ነበር። ማን ያይብሻል?" አሏት። ሙሽሪት ሳቀችና አለፈችው።

ከዕለታት አንድ ቅዳሜ፣ ጣቶቿ መፈቅፈቂያ መያዝ እምቢ ስላሏት፣ ከመንገዱ ማዶ ካለው የቺዝ ሱቅ ተፈቅፍቆ የተዘጋጀ ገዝታ ገባች። እንደ ክር የቀጠነ፣ አንዱ ካንዱ የማይጣበቅ፣ ለዓይን የሚያምር ቺዝ ነበር። እንቁላሉን አስኳሉን ከነጩ ለይታ መታችው፣ እርጎ ጨመረችበት፣ ሦስቱንም ዱቄት ደባለቀች። ምድጃውን ስትከፍተው ዳቦው ተነፍቶ፣ ቀልቶ፣ ቺዙ ላዩ ላይ ተንጨርጭሮ ጠበቃት። ሽቦ አንዱን ቁራሽ በላ፣ ሌላ ቆረሰ፣ ሦስተኛውን አነሳ፤ አንድም ቃል አልተናገረም። አማቷ ቀመሱና "እንግዲህ ይሄ ዳቦ ነው" አሉ። ሙሽሪት እንባዋ መጣ። ያን ቀን ሙሉ ስታንጎራጉር ዋለች።

ሰኞ ሽቦ ከሥራ ቀረ። ሆዱ ከበሮ መስሎ፣ ፊቱ አመድ ለብሶ ተኛ።

ሌላ ነገር ይሆናል አሉ። ሲሻለው ደግማ ጋገረችለት፤ እንደገና ታመመ። እሷም የእንጨት መክተፊያውን ጣለች፣ ማማሰያዎቹን ጣለች፣ ወንፊቱን ጣለች፣ ምድጃውን እስከ በሩ መታጠፊያ ድረስ በጥርስ ብሩሽ ፈተገች። ሦስተኛው ዳቦም አስተኛው። መጀመሪያ የጠረጠረችው ራሱን ነው፤ ሥራ ቦታው አጠገብ ዳቦ ቤት አለ። ሽቦ በልጆቹ ማለላት። ታዲያ ማን ቀረ? ያቺ የቁንጥር ስንዴ ነገር ትዝ ያለቻት ያኔ ነው። አማቷ ዳቦው እንደሚወድቅባት አይተው አዝነዋል። በሽታው የለም ብለው ያምናሉ። የዱቄቱ ቆርቆሮ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ክፍት ቦታ ይውላል። እያሰበችው በሄደች ቁጥር ነገሩ ሁሉ ገጠመላት።

ጥቂት ቀን በሆዷ ይዛው ቆየች። በኋላ ግን ራት ላይ አልቻለችም።

"እማማ፣ አይቀየሙኝና፣ ዱቄቱ ላይ የጨመሩት ነገር አለ?"

አሮጊቷ ማንኪያቸውን አስቀመጡ። ልጃቸውን አዩት፤ እሱ ሳህኑን አየ።

"ልጄን እመርዘዋለሁ ነው የምትይኝ?" አሉ ዝቅ ባለ ድምፅ።

አዎም አይደለምም አላሉም፤ ለሙሽሪት ይኼ እንደ ማመን ሆኖ ተቆጠረ። በማግስቱ ልብሳቸውን በሻንጣ ከትተው ከተማው ጫፍ ያለችው ሴት ልጃቸው ዘንድ ሄዱ። ሽቦ በእናቱና በሚስቱ መካከል መግቢያ ቢያጣ፣ ያልተበላሸ አምፖል ሊጠግን ኮርኒስ ውስጥ ገብቶ አመሸ።

ሙሽሪት አዲስ ዱቄት ገዛች፣ ቆርቆሮውን ቆለፈች፣ ጋገረች። ዳቦው አማረ። በማግስቱ ሽቦ ተኛ።

አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለች። ቤቱ ውስጥ ከእሷ በቀር ዱቄት የሚነካ ሰው የለም። ከአሁን በኋላ የምትጠረጥረው ሰው ማለቁ ሳይሆን፣ ያን ጥያቄ የጠየቀችው አፏ ነው ያስጨነቃት።

በዚያው ሳምንት ጡረታ የወጡ የሒሳብ መምህር ይዛ ወጣች። እኚህ ሰው የመኪናውን ፍጥነት በቃላቸው ያሰላሉ፤ ፍሪሲዮን መልቀቅ ግን አልሆነላቸውም። ከሱቆቹ ፊት ለፊት ሞተሩ ጠፋባቸው። አስነሱት፣ ጠፋ። ደግመው አስነሱት፣ ጠፋ። ከኋላ ያለው ሁሉ ጥሩምባውን ለቀቀው። ሙሽሪት ትንፋሿን ዋጥ አድርጋ "አይቸኩሉ ጋሼ፣ መንገዱ የትም አይሄድም" አለችና ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። የቺዝ ሱቁ መስታወት ፊት ለፊቷ ነበር። ከውስጥ ባለሱቁ ሽርጡን ታጥቆ፣ የተፈቀፈቀ ቺዝ ክምር ላይ ከከረጢት ነጭ ነገር እየዘገነ ይነሰንሳል፤ በሁለት እጁ ያገላብጣል፣ እንደገና ይነሰንሳል።

መምህሩን መኪናው ውስጥ ትታቸው ወረደች።

"ምንድን ነው የሚያደርጉበት?" አለችው ገና ከበሩ።

"ዱቄት ነው እህቴ። እንዳይያያዝ ነው።"

"የምን ዱቄት?"

ባለሱቁ ግራ ገባው። "የስንዴ ነዋ። ሌላ ምን ዱቄት አለ?"

የሩዝ አለ፣ የበቆሎ አለ፣ የድንች አለ፤ ሙሽሪት እነዚህን ሁሉ ከጥፍሯ ሥር ማውጣት አቅቷት ወር አልፏታል። ሰውየው ክፉ ሰው አልነበረም፤ ነገሩን ስታስረዳው ደነገጠ፣ ይቅርታ ጠየቀ፤ ቢሆንም ቀድማ ብትጠይቀው ኖሮ ይነግራት እንደነበር ቀስ ብሎ አስታወሳት። እውነቱን ነው። ባሏን አስምላ፣ አማቷን ከቤት አስወጥታ፣ የጥርስ ብሩሽ ጨርሳ፣ ቺዙን ግን ትኩስ ነው ወይ ብላ ብቻ ነበር የጠየቀችው። ወደ መኪናው ስትመለስ መምህሩ አስነስተውት በኩራት ይጠብቋታል። ሹፌሩ ማን እንደሆነ ሳታስበው ወደ ከተማው ጫፍ እንዲነዱ ነገረቻቸው።

በሩን የከፈተችላት የባሏ እህት ነች፤ ፊቷ ብቻውን ብዙ ይናገር ነበር። አማቷ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጠው ሹራብ ይጠግናሉ። ሙሽሪት ቆማ የሆነውን ሁሉ ተረከችላቸው፤ የባለሱቁን ዱቄት፣ የራሷን ጥርጣሬ፣ ምንም ሳታስቀር። ይቅር ይበሉኝ አለች። አሮጊቷ መርፌያቸውን አላቆሙም።

"ያኔ አልጨመርኩም ብልሽ ኖሮ አምንዎት ነበር ልትይኝ ነው?" አሉ በመጨረሻ።

"እንጃ እማማ። አላምንዎትም ነበር ይሆናል።"

ይህን ሲሰሙ ቀና አሉ። ከዚያ ሹራቡን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው ወደ ደጅ እያዩ ተናገሩ።

"ትንሽ ሆኖ ሆዱ ይነፋ ነበር። ዳቦውን ሲገፋ፣ ቅምጥል ነው እያልኩ በግድ አጎርሰው ነበር። አንዳንዴም እየመታሁ። እናንተ ያ ዳቦ ነው የጎዳው ስትሉኝ፣ አይደለም ካላልኩ ምን ልበል ልጄ? የማን እጅ ነው ያጎረሰው?"

ሙሽሪት አጠገባቸው ተቀመጠችና ሻንጣቸውን ወደ ራሷ ሳበች። ታች መኪናው ውስጥ መምህሩ ጥሩምባ ነፉ፤ የሌላ መኪና መንገድ ዘግተው ወደ ኋላ ማውጣት አቅቷቸው ነበር።

አማቷ ተመለሱ። ሙሽሪትም ድፍኑን ቺዝ እየገዛች አዲስ በተገዛ መፈቅፈቂያ ራሷ መፈቅፈቅ ጀመረች፤ ዳቦው ተነፋ፣ ሽቦም በላ፣ አልታመመም። ወራት አልፈው ከቅጥነቱ የተነሳ ቀበቶው ላይ ያስበሳው ትርፍ ቀዳዳ አላስፈልግ አለው፤ ሽቦ የሚለው ስምም አልስማማ አለው።

እፎይታው ግን ብዙ አልቆየም። ያላመኑት አሮጊት አንዴ ካመኑ በኋላ ከሐኪሟ ባሱ። የራሳቸውን ዳቦ ተዉ። ሰው ቤት ሲጋበዙ ማድ ቤት ድረስ ገብተው ማማሰያ ያሸታሉ። ባለሱቁን ሁለቴ ሄደው አስጠንቅቀውታል፤ አሁን ሲያያቸው ወደ ጓዳ ይገባል። ባለፈው ሙሽሪት አዲስ ተማሪ ይዛ መስቀለኛ መንገድ ላይ እያለች ስልኳ ጮኸ።

"ሙሽሪት፣ ሱቅ ነኝ" አሉ አማቷ። "ይሄ የፀጉር ሳሙና ስንዴ አለበት ይላሉ። እውነት ነው?"

"እማማ፣ ሳሙና እኮ ነው። ማን ይበላዋል?"

"ምን አውቃለሁ። ሕፃን ሳለ አረፋውን ይልስ ነበር።"

መብራቱ አረንጓዴ ሆነ፣ ከኋላ ጥሩምባው ተጀመረ፣ ተማሪዋ ልጅ በድንጋጤ አየቻት። ሙሽሪት ዓይኗን ጨፍና ከፈተች። ልጅቷን ቀኙን ይዛ ጥግ እንድትቆም ነገረቻትና ስልኩን ወደ ጆሮዋ መለሰች።

"እሺ እማማ። ከጀርባው ምን ይላል? ቀስ ብለው ያንብቡልኝ።"