ጸሎቱ ጸ፣ ፀሐዩ ፀ

የሒሳብ ሠራተኛዋ በመሥሪያ ቤቱ የምትታወቀው በሁለት ነገር ነበር፤ በቁጥርና በፊደል። «ቁጥር አይዋሽም» ማለት ለእሷ እንደ ሰላምታ ነው። በፊደል ከመጡባትማ ምሕረት የላትም። አንድ ምስኪን የዓመት ፈቃድ ሊጠይቅ «አመት» ብሎ ከጻፈ፣ ማመልከቻውን በቀይ እስክሪብቶ አሳርራ ትመልስለታለች። ሰውየው ፈቃዱ ቀርቶበት ፊደል ተምሮ ይወጣል። ከኋላዋ «እትዬ ፊደል» ይሏታል። ታውቃለች፤ እንዲያውም ደስ ይላታል።

ባሏ እዚያው ግቢ ውስጥ፣ ከቢሮዋ ፊት ለፊት ያለው መጋዘን ኃላፊ ነበር። ሳሙናው፣ ሎሽኑ፣ የጸጉር ቅባቱ በካርቶን የሚገባውም የሚወጣውም በእሱ እጅ ነው። ዝምተኛ ሰው ነው። ቢሰድቡት እንኳ ስድቡ እስኪያልቅ ጠብቆ ወደ ሥራው የሚመለስ ዓይነት።

ጣጣው የመጣው ከአዲሱ የሒሳብ ሶፍትዌር ጋር ነው። የዕቃዎቹን ስም መጀመሪያ የመዘገበችው ካሸሯ ነበረች፤ እትዬ ፊደል ያኔ የሕመም ፈቃድ ላይ ነበረች። ስትመለስ ስክሪኑ ላይ «የፀጉር ቅባት» የሚል አየች። በፀሐዩ ፀ! ሕመሟ ያገረሸ መሰላት። ጸጉር በጸሎቱ ጸ እንደሚጻፍ አባቷ በአለንጋ ነው ያስተማሯት። ልታርመው ብትሞክር፣ ሽያጭ የተመዘገበበት ስም አይለወጥም አላት። እሷ ደግሞ አይሆንም ሲሏት አትወድም። «የጸጉር ቅባት» ብላ አዲስ ስም ከፈተችና ከዚያ ወዲህ ከፋብሪካ የገባውን ሁሉ በዚህ በትክክለኛው ስም መዘገበች። ካሸሯ በለመደችው በፀሐዩ መሸጧን ቀጠለች። እትዬ ፊደል አንድ ቀን አስተካክለዋለሁ ብላ ነበር፤ ረሳችው።

ሰው ሁለቱን አንድ አድርጎ ያነባል። ማሽን ግን ማንበብ የት ያውቅና! ለእሱ እነዚህ የማይተዋወቁ ሁለት ዕቃዎች ናቸው፤ አንደኛው ገብቶ የማይወጣ፣ ሌላኛው ሳይገባ የሚወጣ።

የዓመቱ መጨረሻ ቆጠራ ደረሰ። ባሏ መደርደሪያው ላይ ያለውን ቆጥሮ ሰጠ፤ ካሸሯም ቆጠራውን በፀሐዩ ስም አስገባች። የጉድለት ሪፖርቱ ሲታተም በጸሎቱ ስም የገባው መቶ ካርቶን እንዳለ ጠፍቷል። አልተሸጠም፤ መደርደሪያ ላይም አልተገኘም።

የድርጅቱ ባለቤት፣ ሁሉም ጋሼ የሚሏቸው ሰውዬ፣ ባልና ሚስቱን አንድ ላይ አስጠሩ። ባሏ ወደ መጋዘኑ ወሰዳቸውና የቀረው ቅባት ይኸው፣ የጎደለው ተሸጧል ብሎ አሳየ። ጋሼ ሪፖርቱን ከፍ አድርገው ወደ ሚስቱ ዞሩ።

«ባልሽ ነው፤ ብትደግፊው አልፈርድብሽም። ግን አንቺ ምን ትያለሽ?» አሉ።

እሷ በዚያች ቅጽበት ስለ ባሏ አላሰበችም። ያሰበችው ሠራተኛው ነገ ምን እንደሚላት ነው፤ ባልና ሚስት ተመሳጥረው በሉ ሊባል ነው።

«ጋሼ፣ ባሌም ቢሆን ቁጥር አይዋሽም» አለች።

ባሏ ቀና ብሎ አያት። የዝምተኛ ሰው ዕጣው ይህ ነው፤ ዝም ካለ አመነ ይባላል። የመጨረሻ ደመወዙ ተይዞ፣ ቁልፉን አስረክቦ ወጣ።

ቤት ደግሞ የባሰው ጠበቀው። ሚስቱ ነገሩን ስታወጣ ስታወርድ ውላለች፤ ወንድ ልጅ መቶ ካርቶን የጸጉር ቅባት ምን ያደርግለታል? ሴት ብትኖረው ነው እንጂ! ሸሚዙን አንስታ አንገትጌውን አሸተተችው። ቅባት ቅባት ይላል። ከተጋቡ ጀምሮ እንዲህ ነው የሚሸተው፤ ቀኑን ሙሉ የሚያፈስ ካርቶን ሲያነሳ የሚውል ሰው ሌላ ምን ሊሸት ኖሯል? እሷ ግን በዚያ ቀን የሸተታት ሌላ ሴት ነበረች። ልብሱን ሻንጣ ውስጥ ጠቅጥቃ በር ላይ አስቀመጠችለት። እህቱ ዘንድ ሄደ። ሌባ የተባለን የመጋዘን ኃላፊ የሚቀጥር ስላልተገኘ በቀን ሥራ የሰው ዕቃ ማውረድ ጀመረ።

በእሱ ቦታ የጋሼ የእህት ልጅ ተተካ። የሚቀጥለው ቆጠራ ሲደርስ እትዬ ፊደል ሪፖርቱን ለጋሼ ከማቅረቧ በፊት አየችው። ጉድለቱ አለ፤ እንዲያውም ጨምሯል። ባሏ ከሄደ ወዲህ የገባውም ጠፍቷል። በሩን ዘጋችና ሶፍትዌሩን ለሸጡላቸው ሰዎች ደወለች።

ስልኩን ያነሳው ባለሙያ ትሑት ነበር። የጉድለቱን ብቻ ነው እንዴ የሚያትሙት ብሎ ጠየቃት። የተጠየቅኩት ጉድለት ነው አለችው። ትርፍ የሚለውም ላይ ምልክት ያድርጉና እንደገና ያትሙ አላት። አደረገች። ሁለት መስመር ተከታትሎ ወጣ፤ ላይኛው በጸሎቱ፣ ታችኛው በፀሐዩ። ላይ የጎደለው ታች ተርፏል፤ አንዲት ካርቶን እንኳ አልዛነፈችም።

«ሁለቱ አንድ ዕቃ ከሆኑ ያዋሕዷቸውና ያልቃል፤ ማንም አልሰረቀም» አላት ባለሙያው፤ ደስ ብሎት።

አመስግናው ዘጋች። ከዚያ አለቀሰች፤ በእውነት ነው ያለቀሰችው። ተነስታ እስከ ጋሼ በር ድረስም ሄዳለች። በሩ ላይ ስትደርስ ግን ምን ብላ እንደምትጀምር ጠፋት። ተሳሳትኩ እንዳትል አልተሳሳተችም፤ ጸጉር በጸሎቱ ነው! የተሳሳተችው ካሸሯ ናት። ይህን ለጋሼ ማን ያስረዳል? ስሙን ማን ከፈተው ብለው እሷንም ያባርሯታል። ሁለታችንም ሥራ ከምንፈታ አንዳችን እንሥራ አለች ለራሷ፤ ፍርሃቷን ብልሃት ብላ ጠራችው። ተመልሳ «አዋሕድ» የሚለውን ተጫነች። የትኛው ስም ይቅር ብሎ ሲጠይቃት ጸሎቱን መረጠች። እግዜር ይይላት፤ በዚያች ሰዓት እንኳ ፀሐዩን ልትተወው አልቻለችም።

አዲሱ ሪፖርት ንጹሕ ነበር። ጋሼ አገላብጠው አዩትና ሳቁ።

«አየሽ? ሌባው ወጣ፣ ጉድለቱም አብሮት ወጣ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» አሉ።

እሷም ራሷን ነቀነቀች። ባለፈው ሪፖርት ባሏ የተጠረጠረ ሰው ነበር፤ በዚህኛው የተረጋገጠበት ሌባ ሆነ። ማስረጃውን በገዛ እጇ አትማ አቅርባለች። ለታማኝነቷም ደመወዝ ተጨመረላት።

ጉድለቱ ቆመ የሚለው ወሬ በጫኝና አውራጆች አፍ ዞሮ ዞሮ ባሏ ጋ ደረሰ። እሑድ ከሰዓት በኋላ መጥቶ በሩን አንኳኳ። ከስቷል፤ ትከሻው በሸክም ተልጧል። ግባ እስክትለው ደጃፉ ላይ ቆመ።

«እኔ አልወሰድኩም» አላት። «ይህን እግዜር ያውቃል። ግን እኔ እያለሁ ጎደለ፣ እኔ ስሄድ ቆመ። ሳስበው ሳስበው ከረምኩ። ወይ ቆጠራ አልችልም ነበር፣ ወይ እያየሁ ሲወስዱ አላየሁም። ያም ሆነ ይህ ጥፋቱ የእኔ ነው። አንቺንም አዋረድኩሽ። ይቅር በይኝ።»

እውነቱን ልትነግረው ቃጥቷት ነበር። አንድ ቃል ብትተነፍስ ያ ሰው ቀና ይል ነበር። አፏን ከፈተች፤ ባሏም የሚመጣውን ስድብ ሊቀበል አንገቱን ደፋ። እንደዚያ ደፍቶ ስታየው ቀለላት። ጥፋቱን ተሸካሚ ራሱ መጥቶ ሲወስደው ማን ይጠላል?

«ይቅር ብዬሃለሁ። ግባ» አለችው።

እንባው መጣ። እግዜር ይስጥልኝ አላት፤ ደጋግሞ። ጫማውን አውልቆ ገባና ከበሩ አጠገብ ያለው ወንበር ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ትንሽ ቆይቶ፣ ውሃ መጠጣት ይቻል እንደሆነ ጠየቃት። እሷም ይቻላል አለችው።