ሆን ተብሎ የተጨመረ ስህተት

ኑሕ ሽማግሌ ፊት ሊቀርብ ሦስት ቀን ሲቀረው፣ ኢህሳን ድራይቨሩን ከፍታ ማንበብ ጀመረች።

ሁለቱም የሚሠሩት ኮልፌ አጠና ተራ አጠገብ፣ ከቆርቆሮ መሸጫ በላይ ባለ ፎቅ ላይ ነው። አቶ ወንድይፍራው ያገለገሉ ሰርቨሮችን ከውጭ ያስመጣሉ፣ ያሳድሳሉ፣ ለክሊኒክና ለትምህርት ቤት ይሸጣሉ። መፍታትና መግጠም የኑሕ ነው። ኢህሳን ደግሞ ከዩኒቨርሲቲ እንደወጣች ተቀጥራ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙን ታዘጋጃለች። ሜሞሪ መበላሸት ሲጀምር ድራይቨሩ፣ ማለትም ሜሞሪውን የሚጠብቀው ትንሽ ፕሮግራም፣ የትኛው ስሎት ወይም መሰኪያ ላይ የተሰካው እንደታመመ መዝገብ ላይ ይጽፋል። ኑሕ ያንን አንብቦ የተጠራውን ሜሞሪ ይነቅላል፣ በምትኩ ሌላ ይሰካል። ከዚህ ውጭ ማንም ምንም አይጠይቅም ነበር።

በክረምቱ የተሸጡት ሰርቨሮች እየተመለሱ መምጣት ጀመሩ። የአንድ ክሊኒክ ሰርቨር ሦስት ጊዜ ተመለሰ። አቶ ወንድይፍራው ነገሩ ስላልጣማቸው ኑሕ ነቅሎ በካርቶን ያጠራቀማቸውን ሜሞሪዎች ወስደው ሌላ ቤት አስመረመሩ። አንድም የታመመ አልተገኘባቸውም።

«ደህናውን እየነቀለ በሽተኛውን ይተዋል» አሉ ካርቶኑን ጠረጴዛው ላይ ጥለው። «ለምን? ደህናው ስለሚሸጥ ነዋ!»

ኑሕ ያለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ጋሼ፣ ያለኝን ነው የነቀልኩት።»

«ማን ያለህን?»

«ማሽኑ።»

ጸሐፊዋ ፋሲካ ከወንበሯ ሳትነሳ፣ «ማሽኑም ይጠራ እንግዲህ፣ ይመስክር» አለች። ማንም አልሳቀላትም።

ፖሊስ ሊጠራ ሲል የኑሕ አጎት ሃጂ ጀይሉ በመሃል ገቡ። አርብ ከጁምዓ በኋላ፣ አሥር ሰዓት ላይ፣ እሳቸው ቤት ሽማግሌ ይቀመጥ ተባለ። አቶ ወንድይፍራው በበኩላቸው ጎረቤታቸውን አቶ ወልደሰንበትን ይዘው ሊመጡ ተስማሙ። ሰፈሩ ይህን ሲሰማ ነገሩ ያለቀ ያህል ቆጠረው። ኢህሳን ግን ኑሕ እንደማይሰርቅ ታውቃለች። አንድ ዓመት ሙሉ አጠገቡ ተቀምጣ ሠርታለች፤ የወደቀ ብሎን የማን እንደሆነ ሳይጠይቅ ኪሱ የማይከት ሰው ነው።

ማክሰኞ ዕለት ድፍረቷን አሰባስባ አቶ ወንድይፍራው በር ላይ ቆመች።

«ጋሼ፣ ምናልባት ድራይቨሩ ቢሆንስ የተሳሳተው?»

«ድራይቨር ሜሞሪ ሲሰርቅ አይተሽ ታውቂያለሽ?»

«አይ… ስሎቱን አሳስቶ ጠርቶ እንዳይሆን ነው።»

«ታዲያ አሳዪኛ። እስከ አርብ ነው።»

ማሳየቱ ነበር ችግሩ። ሜሞሪ ሲበላሽ ጠብቆ ማየት ወር ይፈጃል። የሰፈር ዘበኛ ነቅቶ መጠበቁን ለማወቅ የፈለገ ሰው ሌባ እስኪመጣ አይጠብቅም፤ ራሱ አጥር ላይ ጠጠር ወርውሮ ይሰማል። ኢህሳንም ያሰበችው ይህንኑ ነው። የሜሞሪ መቆጣጠሪያው ቺፕ ሲታዘዝ ሆን ብሎ የተሳሳተ ቢት የሚያስገባበት መንገድ አለው። ድራይቨሩ ግን ይህን ማዘዝ አይችልም፤ የጻፉት ሰዎች ያንን ክፍል አልጨመሩበትም። ስለዚህ ትጨምረዋለች። ስህተቱን የት እንዳስገባች እሷ ታውቃለች፤ ድራይቨሩ የት ነው እንደሚል ደግሞ ትሰማለች።

ረቡዕን ቀኑን ሙሉ የቺፑን መመሪያ ስታነብ ዋለች። ማታ ቤት ስትገባ እናቷ «ዓይንሽ ምን ሆነ?» አሏት፤ «ደህና ነኝ» ብላ ተኛች። ሐሙስ ኮዱ ተጻፈ፤ ግን ትእዛዙ በተሰጠ ቁጥር ሰርቨሩ ድርቅ ይላል። አጥፍቶ ማስነሳት ሰባት ደቂቃ ይወስዳል። አሥራ አንድ ጊዜ አስነሳችው። በመጨረሻ ማሽኑ ሲነሳ የስህተት ማስገቢያውን መንገድ ራሱ እንደሚቆልፈው ገባት፤ ቁልፉን ከመነሻው ቅንብር ውስጥ መፍታት ነበረባት። ቅንብሩን ከፍታ ስትፈልግ መብራት ጠፋ። እስከ ማታ አልመጣም።

አርብ ስድስት ሰዓት ላይ ሠራ።

ሁሉንም ሜሞሪ ነቅላ አንድ ብቻ አስቀርታ ነበር፣ በቀኝ በኩል የመጀመሪያው ስሎት ላይ። ስህተቱን አስገባች። መዝገቡ ላይ አንድ መስመር ብቅ አለ፦ ግራ፣ አራተኛ ስሎት።

ግራ አራተኛው ባዶ ነው። በጣቷ ነካችው፤ አቧራ ብቻ ነበረበት።

ሜሞሪውን ወደ ቀኝ ሁለተኛ አዛወረች። ግራ፣ ሦስተኛ አለ። ወደ ግራ አንደኛ ወሰደችው። ቀኝ፣ አራተኛ አለ። ድራይቨሩ ስህተቱን በትክክል ያያል፣ ቦታውን ግን ገልብጦ ይጠራል። ኑሕ የተባለውን ሲነቅል ደህናውን እየነቀለ ነበር። በሽተኛው ከማዶ ተቀምጦ ይቀራል፣ ሰርቨሩ ደግሞ ይመለሳል።

ደስታዋ ከደቂቃ አላለፈም። የስሎቶቹ ስም የተጻፈበት ሠንጠረዥ የት እንዳለ ታውቃለች። ፋይሉን ከፈተች። ማን መቼ እንደቀየረው የሚያሳየውን ዝርዝር ስታወርድ የራሷን ስም አገኘች። በተቀጠረች በሁለተኛው ሳምንት ነው። አዲስ ለመጣው የሰርቨር ቦርድ የስሎት ስም ስላልነበረ፣ ተመሳሳይ የሚመስለውን የሌላ ቦርድ ሠንጠረዥ ገልብጣ ለጥፋ ነበር። በዚያው ቀን አቶ ወንድይፍራው «ፈጣን ልጅ» ብለዋት እንደነበርም ትዝ አላት።

ለኑሕ ደወለች፤ ስልኩ ዝግ ነው። ውጤቱን አትማ፣ ወረቀቱን ለአራት አጥፋ በቦርሳዋ ይዛ ወጣች።

ሃጂ ጀይሉ ቤት ስትደርስ ሳሎኑ ሞልቷል። በሩ አጠገብ ባለች በርጩማ ላይ ተቀመጠች። ኑሕ ምንጣፉ ላይ አንገቱን ደፍቶ ቆሟል። እናቱ እትዬ ፈይዛ ከመጋረጃው ወዲያ ሲያለቅሱ ይሰማል።

«አልሰረቅኩም» ይላል ኑሕ። «የተባልኩትን ነው የሠራሁት።»

ሃጂ ጀይሉ አልተቆጡም። «ልጄ፣ ስለ ስርቆት ማን አነሳ? እኛ አላነሳንም። ሽማግሌ ፊት ቆሞ አላጠፋሁም የሚል ልጅ፣ ያጠፋችሁት እናንተ ናችሁ ማለቱ ነው። አቶ ወንድይፍራው ከቤታችን አንድ ቃል ነው የሚፈልጉት። አጥፍቻለሁ በል፣ ፖሊስ የሚባለው ነገር ይቅር፣ እናትህም እንቅልፍ ትተኛ።»

«ምን አጠፋሁ ብዬ ሃጂ?»

«አጥፍቻለሁ ይበቃል። ዝርዝሩን አላህ ያውቀዋል።»

ኢህሳን ቦርሳዋን ከፈተች። ወረቀቱ በእጇ ገባ። ብድግ አለች፤ ሰው ሁሉ ዞሮ አያት።

«ጎሽ!» አሉ አቶ ወልደሰንበት ፊታቸው በርቶ። «ጉሮሯችን ደርቆ ነበር። ሻይ ልታመጪ ነው አይደል? እንዲህ ነው የጨዋ ልጅ።»

ከስምንት የሚበልጡ ሽማግሌዎች ዓይን እሷ ላይ ነበር፤ ሁሉም ሻይ ይጠብቃል። ወረቀቱን መልሳ ከተተችና ወደ ጓዳ ሄደች። ትሪውን ይዛ ስትመለስ ኑሕ የአቶ ወንድይፍራውን ጉልበት ስሞ እየተነሳ ነበር። «አጥፍቻለሁ» ሲል አልሰማችውም። የሰማችው አቶ ወንድይፍራው «ይቅር ለእግዚአብሔር» ሲሉና ቀጥሎ የተደረገውን ዱዓ ነው። ሁሉም እጁን ዘርግቶ አሚን ሲል ትሪው እጇ ላይ ስለነበር እሷ አልዘረጋችም።

አቶ ወንድይፍራውን በር ላይ ደረሰችባቸው። ወረቀቱን ሰጠቻቸው። ቆመው አነበቡ። ሠላሳ ዓመት ኮምፒውተር የሸጡ ሰው ናቸው፣ ማስረዳት አላስፈለጋትም።

«ባዶ ስሎት ላይ ነው ስህተት አለ የሚለው?»

«አዎ ጋሼ።»

«ሠንጠረዡን የጻፈው ማነው?»

«እኔ ነኝ።»

በአጠገባቸው ሽማግሌዎቹ ጫማቸውን እየፈለጉ ይሳሳቃሉ።

«በዚህ ሠንጠረዥ አርባ ሰርቨር ወጥቷል» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ለእያንዳንዱ ደውዬ ማሽንህ ሲታመም የሚነግርህ ውሸቱን ነው ልበል?»

«ኑሕ ግን አልሰረቀም።»

«አጥፍቻለሁ ብሏል። እኔ በልልኝ አላልኩትም። አጎቱ ነው ያስባለው።»

«እንዲታረቅ ነው እንጂ…»

«ታዲያ ታረቅን! የታረቀ ነገር ይቆፈራል? እነዚህን ሽማግሎች በከንቱ ነው የደከማችሁት ልትያቸው ነው?» ወረቀቱን አጥፈው የኮታቸው ኪስ ከተቱት። «የሠራሽው ሥራ ግሩም ነው፤ አልክድም። ገና ያልወጡት ላይ አስተካክዪው። ስለወጡት እኔ አስባለሁ። ሰኞ በጊዜ ግቢ።»

በማግሥቱ ወደ ሃጂ ጀይሉ ሄደች። እስከ መጨረሻው አዳመጧት፣ አላቋረጧትም። ስትጨርስ መቁጠሪያቸውን ወደ ጎን አድርገው፣ «እንግዲያው ሁለት ልጆች ናቸው ያጠፉት» አሉ። «እሱ ይቅር ተብሏል። አንቺንም ይቅር ይበልሽ። ዱዓ የተደረገበትን ነገር አላነሳውም የኔ ልጅ፤ ነገ ሌላ ሰው ሲጣላ ማን ያምነኛል?»

ኑሕ ወደ ሥራ አልተመለሰም፤ ሳምንቱን ሙሉ ስልኩንም አልከፈተም። በሚቀጥለው ቅዳሜ ቤቱ ሄደች። እጁ በእንጨት ስንጥር ተቧጭሯል።

«አጠና ተራ ከመኪና እንጨት እያራገፍኩ ነው» አላት። «ሁለት የኮምፒውተር ቤት ሥራ ጠይቄ ነበር። አንተ አጥፍቻለሁ ያልከው አይደለህም እንዴ አሉኝ። ነኝ አልኳቸው። ምን ልበል?»

ነገረችው። ሠንጠረዡን፣ ስሟን፣ ሻዩን፣ ሁሉንም ሳትዘል። ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ ሰማት። ስትጨርስ ሳቀ፤ የሚያስፈራ ሳቅ አልነበረም፣ ሥራ ቦታ የሚስቀው ሳቅ ነው።

«ባዶው ስሎት ታመመ አለ?»

«አለ።»

«እኔኮ አንዳንዴ ሜሞሪውን ሳወጣው፣ ይሄ ደህና ነው ይለኝ ነበር ልቤ። ማሽኑ ካለ ብዬ ተውኩት።» ቀጥሎም፣ «ቁልፉን እንዴት ፈታሽው?» አላት።

ነገረችው። ስለ መነሻው ቅንብር፣ ስለ ሰባቱ ደቂቃ፣ መብራት ስለጠፋበት ሰዓት። ስንጥሩን ከጣቱ እየነቀለ፣ «ጎበዝ ነሽ» ይላል በየመሃሉ፣ ከልቡ።

«ለእናትህ ልንገራቸው» አለች።

«እንዳታደርጊው!» ድምፁ ተለወጠ። «ስንት ሌሊት አልቅሳ ነው ይቅር ያለችኝ። አሁን አልሰረቅኩም ብላት፣ ታዲያ ሽማግሌ ፊት ለምን ዋሸህ ትለኛለች። ሌባው ይሻላል፣ እሱን ለምዳዋለች።»

እትዬ ፈይዛ ሙዝ በሰሐን ይዘው ገቡ። «ስለ ሥራ ነው የምታወሩት?» አሉ፤ ዓይናቸው ከአንዱ ወደ ሌላው ይመላለሳል። «ሊመልሱት ነው እንዴ?»

ኢህሳን ቀና አለች። ኑሕ ግን ቀደማት።

«አይ እማዬ። ዝም ብለን ነው።»

ስትወጣ እትዬ ፈይዛ እስከ በር ሸኟት። ጎረቤቱ ሁሉ እግሩን እንዳሳጠረ፣ ከሥራ ቦታው የመጣችው እሷ ብቻ እንደሆነች ነገሯት። እጇን በሁለት እጃቸው ይዘው አልለቀቁም።

«የልጄን ጥፋት ሳታዪ መጣሽልኝ። አላህ ያንቺንም ጥፋት ይሸፍንልሽ።»

ኢህሳን ዓይናቸውን ማየት አልቻለችም።

«አሚን» አለች።