የከውሰር ካርድ ኮኪት ላይ

ቢሆነኝ በድንበር ከተማዋ በኮኪት የሰርግ ቪዲዮ አቀናባሪ ነው። የሰከረ ሚዜ እንኳ ከፊልሙ ውስጥ ማንም ሳያውቅ ቆርጦ ያወጣል፤ ጠንቃቃ ነው። ያን ቀን ግን ጥንቃቄው የት እንደ ሄደ እንጃ።

ረፋዱ ላይ ኮምፒውተሩ ድርግም ብሎ ሲጠፋ ማብሪያውን ደጋግሞ ተጫነ፤ አልበራም። ውስጡ ያለው፣ ምስሉን የሚያስኬደው ግራፊክስ ካርድ የእሱ አይደለማ! ሱዳናዊቷ ከውሰር ከካርቱም ጦርነት ስትሸሽ የቪዲዮ ስቱዲዮዋን እንዳለ ጥላ፣ ጡብ የሚያህለውን ይህን ካርድ ብቻ ከላይ በምትደርበው ቶቧ ጠቅልላ ነው ድንበር የተሻገረችው። «ሥራ እስካገኝ ተጠቀምበት፤ ግን አደራ» ብላ ሰጠችው። አሁን አዲስ አበባ ሥራ አገኘች፤ የራሷን ካርድ ይዛ ከመጣች ነው የሚቀጥሯት። ዛሬ ልትወስደው ትመጣለች።

ጥፋቱን ያውቀዋል። ሰሊጥ አጫጁ ሁሉ የውሃ ጀሪካኑን በእርጥብ ጆንያ ጠቅልሎ ነፋስ ላይ ሲሰቅለው ውሃው ይቀዘቅዛል። እሱም ካርዱ ዘጠና ዲግሪ ደርሶ ማራገቢያዎቹ ሲጮሁበት፣ የኮምፒውተሩን ጎን ከፍቶ እርጥብ ጆንያ ጋረደበት። ማራገቢያዎቹም ነፋሱን ከነጠብጣቡ ወደ ካርዱ ሳቡት።

ጎረቤቱ ማተቤ፣ የትራክተር ሜካኒኩ፣ ብቅ አለ።

«ራዲያተሩ ታፍኖ ነው። ኮምፕሬሰር ላምጣና ልንፋልህ።»

«ወዲያ ሂድ! ትራክተር መሰለህ?»

«ትራክተር ቢሆንማ ጆንያ አታለብሰውም ነበር።»

ቢሆነኝ አልሳቀም። ካርዱን ነቅሎ ካርቶን ውስጥ ከተተው። ዝም ብሎ ቢሰጣትስ? መንገድ ላይ ተንገጫግጮ ነው ይባላል። ካርቶኑን ሊያሽግ ሲል ከውሰር በሩ ላይ ቆማለች።

«ያ ቢሆነኝ፣» አለች በአረብኛ አጠራሯ፣ «ምነው አመድ መሰልክ?»

አፉ ቀደመው። «ውሃ አስገባሁበት።»

ከውሰር መሬት ላይ ቁጭ ብላ ካርዱን ፈታችው። በቀጫጭኖቹ የአሉሚኒየም ቅጠሎች መካከል የሰሊጥ ብናኝ እንደ ብርድ ልብስ ተነጥፏል።

«እነዚህን የመዳብ ቧንቧዎች ታያለህ?» አለች። «ውስጣቸው ትንሽ ፈሳሽ አለ። ቺፑ ሲግል ይተናል፤ ሙቀቱን ተሸክሞ ቅጠሎቹ ዘንድ ይሄድና ቀዝቅዞ ይመለሳል። ወላሂ፣ የካርዱ ሠሪዎች የአንተን እርጥብ ጆንያ ቀድመው ከውስጥ አሽገውልሃል!»

ብናኙን በብሩሽ ጠረገች፤ ሰሌዳውን በአልኮል አበሰች። በቺፑና በመዳቡ መካከል የደረቀውን ሙቀት አስተላላፊ ቅባት ፍቃ ከቦርሳዋ አዲስ ቀባችለት። ከዚያ ጥላ ሥር፣ ነፋስ ላይ አሰጣችው። ሁለት ሰዓት ሙሉ ቢሆነኝ አልተቀመጠም።

መልሳ ሰካችውና «አንተ ተጫን» አለችው።

ተጫነ። ማራገቢያዎቹ አንዴ ዞር ዞር አሉና ቀጥ አሉ።

«ሞተ!» ብሎ ግድግዳውን ተደግፎ ቁልቁል ተንሸራተተ። ማራገቢያዎቹን ሲዞሩ እንጂ ቆመው አይቷቸው አያውቅም።

ከውሰር አገጩን ይዛ ወደ ስክሪኑ አዞረችው። በርቷል።

«ካርዱ ካልጋለ አይዞሩም፤ አሠራራቸው ነው። አንተ በብናኝ አፍነህ እረፍት ነሳሃቸው እንጂ።»

አጥፍታ ካርዱን ልትነቅል እጇን ስትሰድ፣ ቢሆነኝ ከተቀመጠበት ዘሎ ተነሣ።

«ኧረ ቀስ በይ!» ብሎ ጮኸባት።